ኦርኪድ ተቀጽላ አይደለም

ኦርኪድ የሚባለውን አበባ ለሽያጭ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው የሚያለሙ ሰዎች በብዙ አገር ማኅበር አላቸው። የአሜሪካው ማኅበር በ1921 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ በቅርብም በናይሮቢ የኬንያ ኦርኪድ ማኅበር አለ። አባላቱ ዓመቱን ሙሉ የተንከባከቡት ተክል ሲያብብላቸው ወደ አንድ አዳራሽ ይዘውት ይመጣሉ፤ ይተያያሉ፣ ይወዳደራሉ፣ የበዛላቸውን ከፍለው ለጓደኛ ይሰጣሉ። በሰሜኑ የዓለም ክፍል ይህ የሚደምቀው በጸደያቸው፣ በኢትዮጵያ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ከሚወዷቸው አንዱ ኤራንጊስ ነው፤ አበባው ነጭ፣ መዓዛው ማታ ማታ የሚያይል፣ ምላሱ ረጅም የሆነ የእሳት እራት የሚያዳቅለው።

የኤራንጊስ ወገኖች በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ፣ በቡና ጥላ ዛፎች ላይ ማንም ሳይተክላቸው ይበቅላሉ። እዚህ ግን አዳራሽ አይገቡም። ጥላ ሲቀነስ ከቅርንጫፉ ጋር ይወድቃሉ፤ ግንድ ሲጸዳ በገጀራ ይፋቃሉ።

አርሶ አደሩ ይህን የሚያደርገው በክፋት አይደለም። በዛፍ ላይ የበቀለ ሌላ ተክል ሁሉ ተቀጽላ ይመስለዋል፤ ተቀጽላ ደግሞ በእርግጥም ጠላት ነው። ሥሩን ወደ ቅርንጫፉ ውስጥ ሰድዶ የዛፉን ውሃና ምግብ ይስባል፣ የያዘውንም ቅርንጫፍ ያዳክማል። እሱን ቆርጦ መጣል ተገቢ ነው። ኦርኪድ ግን ዛፉን የሚፈልገው ለመቀመጫ ብቻ ነው። ሥሩ ከቅርፊቱ በላይ ይሄዳል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የሚጠጣው ዝናብና ጉም ነው። መለየቱም ከባድ አይደለም። የኦርኪድ ሥር ሲደርቅ ነጣ ይላል፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል፤ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲላቀቅ ዛፉ ላይ ቁስል አይተውም። ተቀጽላ ግን የተጣበቀበት ቦታ አብጦ ይታያል፤ ያለ ስለትም አይነቀልም።

በኢትዮጵያ ከ160 በላይ የኦርኪድ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ባለሙያዎች ጋር ሆነው በ2004 እ.ኤ.አ. ስለእነዚሁ የመስክ መመሪያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በደቡብ ምዕራብ ደኖች ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የደን መቆራረጥም የቡና ልማትም በዛፍ ላይ የሚበቅሉትን ኦርኪዶች ብዝኃነት እንደሚጎዱ አሳይቷል። ቡና ይቅር ማለት አይደለም፤ የከፋና የሸካ ገበሬ ኑሮ ቡናው ነው። ነገር ግን ከፋ በ2010፣ ሸካ በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆነው ሲመዘገቡ ለቡናው ብቻ ተብሎ አልነበረም።

ጉዳቱ ቶሎ የማይጠገን መሆኑም መታወቅ አለበት። የኦርኪድ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ ስንቅ ስለሌለው የሚመግበው ፈንገስ ካላገኘ አይበቅልም። የበቀለውም አበባ እስኪያሳይ ዓመታት ይፈጅበታል። በአንድ ቀን የተፋቀ ግንድ በአንድ ክረምት አይመለስም።

ስለዚህ ቢያንስ የወደቀውን ማትረፍ ይቻላል፤ የአበባ ወዳዶቹ ልምድ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። የጥላ ዛፍ ሲቆረጥ ወይም ንፋስ ሲጥለው፣ ኦርኪዱን ከትንሽ ቅርፊት ጋር አንስቶ ቅርፊቱ ሻካራ ከሆነ ሌላ ዛፍ ላይ በእንሰት ቃጫ ማሰር ይበቃል። የዝናቡ መጀመሪያ ጥሩ ጊዜ ነው። አፈር ውስጥ መቅበር ግን አይገባም፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። እየተንሰራፋ ብዙ ግንድ የሚያወጣው ዓይነት ሦስት አራት ግንድ እየተያዘለት ሊከፈል ይችላል። ጤና አዳምና ጌሾ ከጎረቤት ተጠይቆ በሚተከልበት አገር ይህ እንግዳ ነገር ሊሆን አይችልም። የትምህርት ቤት ወይም የጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ዋንዛም ሆነ ሰሳ ለዚህ ይሆናል።

ከወደቀው አልፎ ከደን እየነቀሉ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኦርኪድ ወገን በሙሉ ኢትዮጵያ በ1989 እ.ኤ.አ. በገባችበት የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም። አዋጅ ቁጥር 482/1998 ደግሞ የጄኔቲክ ሀብት ለመውሰድ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ፈቃድ እንዲያወጣ፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ እንዲካፈል ይደነግጋል። የውጭ ሰብሳቢም ይሁን የአገር ውስጥ ነጋዴ ደን ውስጥ ተክል ሲለቅም የተገኘ እንደሆነ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር የመጀመሪያ ጥያቄ ፈቃዱን ማየት ይሁን። ፈቃድ ከሌለው ጉዳዩን ለወረዳው ማሳወቅ የሊቀ መንበሩ ድርሻ ነው።

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ለዚህ አዲስ በጀት መጠበቅ የለባቸውም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ስለ ጥላ አያያዝ ሲያስተምር ተቀጽላ የያዘ አንድ ቅርንጫፍና ኦርኪድ የያዘ አንድ ወዳቂ ቅርንጫፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ አርሶ አደሩ ሁለቱንም በገዛ እጁ እንዲስባቸው ቢያደርግ ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።