የድርሰት መደምደሚያ መድገም ነውን?

ተማሪዎቻችን ድርሰት ሲፈጽሙ «ከላይ በዝርዝር እንደ ገለጽሁት» ብለው ያንኑ ይደግማሉ፤ መምህሩም ማጠቃለያ ነው ብሎ ነጥብ ይሰጥበታል። አንባቢ ከአንድ ገጽ በፊት ያነበበውን የሚዘነጋ ነውን? ምርቃትና ግጥም የሚጨምሩትንስ ለሠርግ ቤት እንተወው።

ስለ ውጫሌ ውል የተጻፈ ድርሰት እንውሰድ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ፣ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ እንደሚችሉ በአማርኛው ሲናገር፣ ጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። 19ኛው አንቀጽ ደግሞ ሁለቱን ጽሑፎች በሥልጣን እኩል አድርጓቸዋል። ጸሐፊው ይህን ካስረዳ በኋላ ቢደግመው ምን ይጠቅመናል? ይልቁንስ ኢጣልያ በራስዋ ቋንቋ ብቻ ተመርኩዛ የሞግዚትነት መብት አለኝ ማለትዋ በዚያው ውል ይፈርሳል ብሎ ይፍረድ። እኛ መደምደሚያ የምንለው ይህን ፍርድ ነው። ይህን ጽፎ ብዕሩን ካኖረ ተማሪ ላይ፣ ማጠቃለያ ጐደለው ብለው ነጥብ የሚቀንሱትን መምህራን አጥብቀን እንቃወማለን።