አፈሙዙ በስንት ጥይት ይወልወል?

የዚህ ዓምድ ደብዳቤዎች አብዛኛውን ጊዜ የፍቅርና የትዳር ናቸው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። የጠብ ደብዳቤ ነው። የጠቡ መነሻ ደግሞ ሴት አይደለችም፣ ብርም አይደለም፤ የጠመንጃ ውልወላ ነው! “ወይ ጉድ!” አልኩና ሁለቴ አነበብኩት።

ጸሐፊው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ የሚኖር ወጣት ነው። ልጅነቱን ያሳለፈው ጎጃም፣ አያቱ ዘንድ ነው። አያቱ አሮጌ ዲሞትፈር ነበራቸው። በተኮሱ ቀን፣ አንዲት ጥይት እንኳ ብትሆን፣ ውሃ አፍልተው አፈሙዙን ሳያጥቡና ቅባት ሳይቀቡት አይተኙም ነበር። ልጁም ይህን ወግ ይዞ ተሰደደ። እዚያ የአደን ትምህርቱን ተምሮ፣ ፈቃዱን አውጥቶ ከአብሮ አደጉ ጋር በየዓመቱ አጋዘን አደን ይወጣል። ጠመንጃውን በየ5 ጥይቱ በነሐስ ብሩሽ ይፈትገዋል፤ ዘይት ያጠጣዋል። ጓደኛው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። “ጥሩ ጠመንጃ አይነካም” ባይ ነው፤ ከገዛው ጀምሮ ጨርቅ አላሳየውም።

ታዲያ ባለፈው የአደን ወቅት ምን ሆነ መሰላችሁ? ወንድማችን በዋዜማው ሌሊት ጠመንጃውን ፈትጎ፣ ዘይት ቀብቶ አደረ። በማግስቱ የመጀመሪያዋ ጥይት ካሰበው ቦታ ወጣችና አጋዘኑን የኋላ እግሩን አቆሰለችው። እንስሳው እየደማ ጫካ ገባ። ሁለቱም እስኪጨልም ደሙን ተከትለው ፈለጉት፤ አላገኙትም። ጓደኝየው ተናደደና “በአያትህ ወግ እንስሳውን አሰቃየኸው” አለው። አያቱ ሲነኩበት ደግሞ ማን ይችላል? ተኳረፉ። አሁን ወቅቱ እየደረሰ ነው፤ አብረው የመውጣታቸው ነገር ግን ቀርቷል። ጥያቄው “ማናችን ነን ልክ? በስንት ጥይት ልወልውለው?” የሚል ነው።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። ስለዚህ የጠመንጃ መመሪያዎችን አገላበጥኩ፤ ዕድሜያቸውን በመሣሪያ የፈጁ የሠፈራችንን ጡረተኛ ወታደርም ጠየቅሁ። እነሆ መልሱ።

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አያትህ ልክ ነበሩ! የድሮ ጥይት ቀለህ ቂጥ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ስትነድ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትታ ትሄዳለች። ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ብረቱን ያዝገዋል። ጨውን ዘይት አያሟሟውም፤ ውሃ ነው የሚያጥበው። ሙቅ ውሃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ቅባት። ሽማግሌው ኬሚስትሪ ሳይማሩ ትክክለኛውን ሠርተዋል። አንተ ሱቅ ሄደህ የምትገዛው አዲስ የአደን ጥይት ግን ይህ ጨው የለበትም። ስለዚህ የሳቸው ሕግ ለሳቸው ጥይት እንጂ ላንተ አይሠራም።

ባንተ አፈሙዝ ውስጥ የሚቀረው ቆሻሻ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የባሩዱ ጥላሸት ነው። ሁለተኛው ጥይቱ ጠመዝማዛውን ቦይ እየታከከ ሲወጣ የሚለጠፈው መዳብ ነው። ትንሽ መዳብ አይጎዳም፤ እንዲያውም ብዙ ጠመንጃዎች በደንብ የሚመቱት ጥቂት ጥይት ከተኮሱ በኋላ ነው። መዳቡ ሲከማች ግን ጥይቶቹ ኢላማው ላይ መበታተን ይጀምራሉ። እንግዲህ “አይነካም” የሚለው ጓደኛህም በግማሽ ነው ልክ የሆነው።

ተፈትጎ ዘይት የጠጣ አፈሙዝ የመጀመሪያዋን ጥይት ከሌሎቹ ለየት ወዳለ ቦታ ሊጥላት ይችላል። በ100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ላይ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ደረት ታልሞ የኋላ እግር ከተመታ ግን ውልወላውን ብቻ አትውቀስ። የማነጣጠሪያው መነጽር ብሎኖች ላልተው ይሆን? የጥይቱን ዓይነት ቀይረህ ይሆን? እጅህስ ተንቀጥቅጦ ይሆን? አጋዘን ፊት ለፊት ሲቆም ልቡ የማይመታ ሰው የለም። እነዚህን አስቀድመህ መርምር።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለሁሉም ጠመንጃ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ብዙ አዳኞች ግን መዳቡን የሚያወጡት ከ50 እስከ 100 ጥይት ባለው ውስጥ፣ ወይም ጥይቱ መበታተን ሲጀምር ነው። አንድ ካርቶን ብዙውን ጊዜ 20 ጥይት ነው። በዓመት ሁለት ካርቶን የሚተኩስ ሰው ወቅቱ ሲያልቅ አንዴ በደንብ ቢወለውል ይበቃዋል። ዝናብ ወይም በረዶ ከነካው ግን ቁጥር አይቆጠርም፤ የዚያኑ ዕለት ማድረቅና ስስ ቅባት መቀባት ነው። ትንሿ 22 ካሊበር ደግሞ በመቶ የሚቆጠር ጥይት ተኩሳም ቅር አይላትም።

አወላወሉም ዋና ነገር ነው። ጡረተኛው እንደነገሩኝ፣ ከመተኮስ ይልቅ በመጥፎ ውልወላ የሚበላሸው አፈሙዝ ይበልጣል። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። ጥይት የሚያጎርሰውን የኋላ ብረት አውጣና ዘንጉን ከኋላ ወደ ፊት ስደደው። በአፈሙዙ ጫፍ በኩል አታስገባ። ጥይቱ ሲወጣ መጨረሻ የሚነካው ያ ጫፍ ነው፤ ዘንግ እየፈተገ ካጎደፈው ጠመንጃው አቅጣጫ ይስታል። መዳብ ለማውጣት በአሞኒያ የተሠራውን ማሟሟያ ተጠቀም፤ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ መዳቡ እየለቀቀ ነው። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት በላይ ግን አታቆየው። የነሐስ ብሩሽም ራሱ ያንኑ ቀለም ስለሚሰጥ እንዳያታልልህ። በመጨረሻ አድርቀህ፣ ለማስቀመጫ ስስ ቅባት ቀባ። ከመተኮስህ በፊት ደረቅ ጨርቅ አሳልፍና ውስጡ ጨርቅ አለመቅረቱን እይ። የተዘጋ አፈሙዝ ሊፈነዳ ይችላል። ፊትህ ላይ!

ከሁሉም በላይ በአደን ዋዜማ አትወልውል። ከሳምንታት በፊት ወልውልና ተኩስ ልምምድ ቦታ ሂድ፤ ወረቀት ላይ እየተኮስክ በስንተኛው ጥይት ወደ ቦታው እንደሚመለስ ደብተር ላይ ጻፍ። ያ ያንተ ቁጥር ነው፤ የኔም፣ የጓደኛህም አይደለም። ከዚያ እስከ አደኑ ድረስ ውስጡን አትፈትገው። ያቆሰልከው እንስሳ አይመለስም፤ የሚቀጥለው ግን ተሠቃይቶ እንዳይሞት ማድረግ ይቻላል።

እዚህ ከተማ ያላችሁ አንባቢዎች “እኛን ምን አገባን?” ትሉ ይሆናል። ገጠር አባቱ ወይም አያቱ ጋ ፈቃድ ያለው አሮጌ መሣሪያ የሌለው ስንቱ ነው? ለበዓል ስትሄዱ “ይሄማ ኋላ ቀር ነው” ብላችሁ የሽማግሌውን ውሃ አትድፉባቸው። ጥይታቸው የድሮ ከሆነ ውሃው ነው መድኃኒቱ።

ወንድሜ፣ ለጓደኛህ ደውልለት። “አንተም ግማሹን፣ እኔም ግማሹን ነበርን” በለው። ያንን ወረቀት አንድ ላይ ሆናችሁ ተኩሱበት። የሱ ጠመንጃ ያለ ውልወላ ስንት ጥይት እንደሚሄድ፣ ያንተ ከውልወላ በኋላ በስንተኛው እንደሚስተካከል ወረቀቱ ይፍረዳችሁ። ወረቀት አያዳላም። ያን ዕለት እስኪጨልም ድረስ ከጎንህ ሆኖ ደም የተከተለ ሰው በውልወላ ምክንያት አይጣልም።

ሰላም ሰንብቱ!