የጃኬትና የሹራብ ቅድ በራስ ልክ

የክረምቱ ዝናብና የኅዳር ማለዳ ቅዝቃዜ ለአዘዞ እናቶችና ሠራተኛ እህቶች እንግዳ አይደለም። ጋቢ ቢያሞቅም እጅ ስለሚይዝ ለሥራ አይመችም። ከገበያ የሚገዛው ጃኬት ደግሞ ለሌላ አገር ሴት ቁመና የተቀደደ በመሆኑ ደረቱ ሲስማማ እጅጌው ይረዝማል፣ ትከሻው ሲስማማ ጀርባው ይጨንቃል። ስለዚህ የታተመን የወረቀት ቅድ ከራስ ልክ ጋር ማስማማትን ማወቅ ይጠቅማል።

ለአብነት ቡርዳ የተባለውን የጀርመን መጽሔት እንውሰድ። አኔ ቡርዳ እ.ኤ.አ. በ1950 የጀመሩት ይህ መጽሔት ከ1952 ጀምሮ የልብስ ቅድ አብሮ ያወጣል። መደበኛ ቅዱ ቁመቷ 168 ሳንቲ ሜትር ለሆነች ሴት የተዘጋጀ ነው። ከዚህ የምታጥር እህት ከግርጌው ብቻ ብትቆርጥ ወገቡ ያለ ቦታው ይወርድባታል፤ ከወገብ በላይ አግድም አስምራ ወረቀቱን በማጠፍ ታሳጥረው። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው፣ በመጽሔቱ ውስጥ የሚወጣው ቅድ የስፌት ትርፍ የሌለው መሆኑ ነው። ይህን ሳያስተውሉ በወረቀቱ ጠርዝ መቁረጥ ጨርቁን ማበላሸት ነው፤ በዛሬው የጨርቅ ዋጋ ደግሞ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለጎንና ለትከሻ 1.5፣ ለግርጌና ለእጅጌ ጫፍ 4 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል።

ቅዱ ለ88 ሳንቲ ሜትር ደረት የተዘጋጀ ሆኖ የእናንተ ደረት 96 ቢሆን፣ ልዩነቱን 8 ለአራት አካፍላችሁ በእያንዳንዱ የፊትና የግማሽ ጀርባ ወረቀት ጎን 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። በእጅጌው ስፌትም በሁለቱም ወገን ያንኑ ያህል ካልጨመራችሁ እጅጌው ከብብቱ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም።

ልጅ ለምታዝልና ዕቃ ለምታነሣ እናት ዋናው ጉዳይ ጀርባው ነው። ብዙ ልብስ ሰፊዎች ልክ የሚወስዱት እጅ ወደ ታች ተዘርግቶ ነው። ሁለቱን እጆች ወደ ፊት አጣጥፋችሁ ጀርባውን ከብብት እስከ ብብት አስለኩ፤ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። የጀርባውን ወረቀት ከጨርቁ እጥፋት 2 ሳንቲ ሜትር አርቆ ማስቀመጥ በጠቅላላው 4 ሳንቲ ሜትር ይሰጣል። ይህም ከአንገትጌው ሥር መሐል ላይ ታጥፎ ይሰፋል። ገበሩም እንዲሁ ካልታጠፈ መጀመሪያ የሚተረተረው እርሱ ነው።

ከአዘዞ ወደ መተማ ቆላ ለምትመላለስ ሠራተኛ ገበር የሌለው የጥጥ ጃኬት ይበቃታል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ደባርቅ የምትወጣ ግን ገበር ያስፈልጋታል፤ ሹራብ ከሥር እንድትለብስም ከደረቷ ልክ በላይ ከ12 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ትተው።

የተስተካከለውን ቅድ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ገልብጡ (ይህ ገጽ ከተነበበ በኋላ ለዚሁ ይውላል)። ከዚያም አቡጀዲ ቆርጣችሁ በእጅ ወስውሳችሁ ልበሱት። ጥሩው ጨርቅ መቀስ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው።

ፊት ለፊት የሚከፈት ሹራብ ለምታጠባ እናት እጅግ ይመቻል። ሥራው በሒሳብ ይጀመራል። በምትሠሩበት ክርና መርፌ 15 በ15 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ሠርታችሁ እጠቡት፤ ዘርግታችሁ ካደረቃችሁት በኋላ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን የክር ዐይን ቁጠሩ። 20 ዐይን ቢሆንና ደረቱ 96 ሲደመር 8 ትርፍ፣ 104 ሳንቲ ሜትር ቢፈለግ፣ ጀርባው 52 ሳንቲ ሜትር ወይም 104 ዐይን ይሆናል። የቁልፉ ጠርዝ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ለእያንዳንዱ የፊት ክፍል 49 ዐይን ይበቃል። ሳያጥቡ የሚቆጥሩ ሰዎች ሹራቡ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ለሌላ ሰው ይሆናል።

ክሩን በአንድ ጊዜ መግዛት ይሻላል፤ ቀለሙ ከአንዱ ማቅለሚያ ወደ ሌላው ይለያያልና። የልጆችን ሹራብ እጅጌ ደግሞ ከትከሻ ወደ ታች ሥሩ፤ ልጁ ሲያድግ ጫፉን ፈትታችሁ ባስቀራችሁት አንድ ልቃቂት ታስረዝሙታላችሁ። ከታች ወደ ላይ የተሠራ እጅጌ ከጫፉ በቀላሉ አይፈታም።