የኮምፒውተር ጥግ፦ ዊንዶውስ ሲወጣ ፈተናዎቻችን ምን ሆኑ?

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ናይሮቢ ሩንዳ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በሰጠን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ ጫንን። የተማሪዎቻችንን ፈተናዎች አስቀድመን በፍላሽ ኮፒ አድርገን ነበር፤ እሰየው! ስንከፍታቸው ግን አማርኛው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። ቫይረስ መስሎን ደነገጥን። ለካስ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው! ፎንቱን ከሌላ ዊንዶውስ አምጥተን ስንጭን ተነበቡ። በዩኒኮድ የተጻፉት ምንም አልሆኑም፤ ዩኒኮድ ፊደላችንን ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ፋይል ለዊንዶውስ ተጠቃሚ የምትሰጡበት ፍላሽ «ፋት 32» ከሆነ ሁለቱም ያነቡታል፤ 4 ጊጋ የሚሞላ ነጠላ ፋይል ግን አይቀበልም። ፕሮግራም ስትጭኑ ደግሞ መጨረሻው «ኤግዚ» የሆነውን የዊንዶውስ ፋይል አትድከሙበት፤ ከራሱ ከኡቡንቱ የሶፍትዌር ማዕከል አውርዱ።