ትልቁ ጎማ ከጭቃ ያወጣል ወይስ ከኪስ?

ክረምት ሊገባ ሲል የጎማ ገበያ ይደምቃል። ላንድክሩዘርና ፒክአፕ እየነዱ ለቡና ወደ ጅማና ቦንጋ፣ ለሰሊጥ ወደ ሁመራና መተማ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ሶማሌ ተራ ጎራ ሲሉ ከሚሰሙት ምክር አንዱ «ጋሼ፣ ከፍ ያለውን ያስገጥሙበት» የሚል ነው። መኪናው ግርማ ያገኛል፣ ከጭቃም ያወጣል ይባላል። ግርማው አያከራክርም። ስለ ጭቃው ግን ብር ከመቁጠር በፊት ሚሊ ሜትር መቁጠር ይበጃል።

265/75-16 ጎማ የሚጠቀም ባለመኪና ወደ 285/75-16 ከፍ ልበል ቢል የጎማው ዲያሜትር ከ804 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ጭማሪው 30 ሚሊ ሜትር ነው። የመኪናው ሆድ ከመሬት የሚርቀው ግን በግማሹ፣ ማለትም በ15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ጣት ስፋት እንኳ አይሞላም። ሻጩ የሚያወራው ስለ 30ው ነው፤ ድንጋዩ የሚያውቀው 15ቱን ነው።

ለዚህች ጣት የሚከፈለው ዋጋ በደረሰኙ ላይ አይታይም። የጎማው ዙሪያ 3.7 በመቶ ሲረዝም ማርሹ ሁሉ በዚያው መጠን ይረዝማል። ዲፈረንሻሉ 4.10 የነበረ መኪና 3.95 እንደተገጠመለት ያህል ይሆናል። ባሕር ዳርቻ ላይ ይህ ላይሰማ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ገና ሳይጫን ጉልበቱ ቀንሷል። እንዲህ ያለው መኪና ጭነቱን ይዞ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ ሾፌሩ ቀድሞ በሦስተኛ ይወጣት የነበረችውን ዳገት በሁለተኛ ሊወጣት ይገደዳል። ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬኑ ፋንታ ነው። የከበደና የረዘመ ጎማ ለማቆም ያው የድሮው ፍሬን ይበልጥ ይለፋል።

ስለ ጭቃም ቢሆን «ሰፊ ይሻላል» የሚለው ሁልጊዜ አይሠራም። በአፋርና በሶማሌ አሸዋ ላይ ሰፊ ጎማ፣ ነፋሱ ቀነስ ተደርጎ፣ በርግጥም ይንሳፈፋል። በመረሬ አፈር ላይ ግን ላዩ ይላቁጥ እንጂ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ካለ ጠበብ ያለው ጎማ ቆርጦ ወርዶ ይቆነጥጣል። የድሮው 7.50-16 ጎማ ቁመቱ ከ265/75-16 ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ስፋቱ ግን ያነሰ ነው፤ የገጠር ሾፌሮች እስከ ዛሬ የሚመርጡት በድህነት ብቻ አይደለም። ጭቃ ላይ ከስፋት ይልቅ ጥርሱ ነው ሥራ የሚሠራው። ልኩን ሳይለቁ ጥርሰ ሻካራ ጎማ መግዛት ይቻላል።

ከሁሉ የከፋው «ለጊዜው ሁለቱን የኋላ ብቻ ልቀይር» የሚለው ቁጠባ ነው። የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያቸው ከተለያየ፣ አራቱም እንዲጎትቱ ማርሽ በገባ ሰዓት አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ በደረቅ መሬት ላይ ደግሞ ውጥረቱ የሚያርፈው በማርሹና በዲፈረንሻሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ የሁለት ወይም የአራት ጎማ ሳይሆን ስኮርታው ጭምር የአምስት ነው።

አምስት ጎማ ዛሬ ቀላል ገንዘብ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ጎማም ይህንን ተከትሏል። በዚያው ዓመት ጥር ወር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር ደግሞ በእጅ ያለ መኪና እንደ ንብረት መታየት ጀምሯል። ንብረቱን በማይመጥነው ጎማ ማሸት የሚያዋጣው ለጥቂቶች ነው፦ መንገዱ አሸዋ ለሆነበት፣ ወይም ፒስታው ካለቀ በኋላ ገና የግማሽ ቀን ጉዞ ለሚቀረው ገዢ። ለእርሱ አንድ ቀን ተቀርቅሮ ማደር ከአምስት ጎማ በላይ ሊያስከፍለው ይችላል። ከአዲስ አበባ ጅማ በአስፋልት የሚመላለሰው ግን የሚገዛው ግርማውን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ጎማው ሲያድግ ቆጣሪው ያንሳል። 80 ሲያሳይ መኪናው 83 ይሄዳል። ናፍጣ በዛብኝ የሚለው ባለቤትም ከፊሉን የሚያማርረው በቆጣሪው ስህተት ነው። ያገለገለ መኪና ገዢዎች ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት የፋብሪካውን የጎማ ልክ በሾፌሩ በር አጠገብ ከተለጠፈው ጽሑፍ አንብበው ከተገጠመው ጋር ቢያስተያዩ ይጠቀማሉ። ከላይ የተጠቀሰው ለውጥ ከመጀመሪያው ጀምሮ ከተደረገ፣ ቆጣሪው ላይ 100 ሺህ የሚነበበው መኪና የሄደው ወደ 103,700 ኪሎ ሜትር ነው። ደላላው ይህንን ሳይጠየቅ አይናገርም።