ናሙናው የት አለ?

እኛ የማርኬቲንግ ሰዎች አዲስ ምርት በመላ አገሪቱ ከማሰራጨታችን በፊት በአንድ ከተማ እንሞክረዋለን። ካልተሸጠ ኪሳራው እዚያው ይቀራል። የካንሰር ተመራማሪዎችም ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው፤ የእነሱ መሞከሪያ ግን አይጥ ናት።

ከታማሚው ዕጢ ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የሰውነት መከላከያዋ በተዳከመ አይጥ ላይ ይተከላል። ባዕዱን ሥጋ የምታጠቃበት አቅም ስለሌላት ዕጢው ያድጋል። ከዚያ ለተለያዩ አይጦች የተለያየ መድኃኒት እየተሰጠ የትኛው ዕጢውን እንደሚያከስመው ይታያል። የሰው ዕጢ በእንዲህ ዓይነት ፀጉር አልባ አይጦች ላይ የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1969 ዴንማርክ ውስጥ ነበር። ይሁንና ሁሉም ናሙና አያድግም፤ ያደገውም ወራት ይፈጃል፤ ወጪውም ከባድ ነው። ስለዚህ በሀብታም አገሮችም ቢሆን እስካሁን በአብዛኛው ለምርምር የሚውል ነው።

«ታዲያ ለእኛ ምን ይፈይድልናል?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም የገባኝ በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ የላይ ጋይንት ሰው ናቸው። ጡታቸው ላይ የወጣውን እባጭ ለማንም ሳይናገሩ ወራት ቆዩ። በኋላ አንድ የጤና ተቋም ውስጥ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ዓመት ሳይሞላ ብብታቸው ሥር ሌላ አበጠ። ከንፋስ መውጫ ተነስተው፣ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር አድርገው አዲስ አበባ እኔ ቤት መጡ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ያኔ የወጣው ሥጋ የምርመራ ውጤት የት አለ?» የሚል ነበር። አክስቴ ግራ ገባቸው።

«ወጥቶ ተጣለ እኮ ልጄ! ደግሞ ምኑ ይመረመራል?»

ዋናው ነገር ያ የተጣለው ሥጋ ነበር። የጡት ካንሰር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ኤስትሮጅን በተባለው ሆርሞን እየታገዘ ያድጋል። እንዲህ ያለውን ታሞክሲፌን የተባለው በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሊገታው ይችላል፤ ለሌላው ዓይነት ግን አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባ ከታከሙ 352 የጡት ካንሰር ታማሚዎች 65 በመቶ ያህሉ ሆርሞን ተቀባይ ዓይነት እንደነበራቸው አሳይቷል። ይህን ለማወቅ አይጥ አያስፈልግም፤ በአግባቡ የተቀመጠ ቁራጭ ሥጋና የፓቶሎጂ ምርመራ ይበቃል።

ከአክስቴ ብብት ናሙና ተወሰደ። ዕቃውን ይዤ ላቦራቶሪ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ውጤቱ ሆርሞን ተቀባይ ሆነ። ዛሬ ከሌላው ሕክምናቸው ጋር ኪኒናቸውን ይውጣሉ። ያለፈውን ዓመት ግን ማንም አይመልስላቸውም።

ከስማዳም ሆነ ከእስቴ፣ ወይም ከራሳችሁ ሰፈር፣ ከዘመዳችሁ ሰውነት እባጭ ሲወጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል? ወደ ፓቶሎጂ ተልኳል? የጡት ካንሰር ከሆነ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ተደርጎለታል? የውጤቱን ወረቀትም እንደ ቤት ካርታ አስቀምጡት።