ያልፈታኸው ሞተር ያንተ አይደለም

በአዲስ አበባ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ቀኑን ሙሉ ሳያስበው ጣሊያንኛ ይናገራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኩሺኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ። ጎማ የሚለጥፈው ሰው ራሱ ጎሚስታ ነው የሚባለው። እነዚህ ቃላት ከትምህርት ቤት አልመጡም። ከአለቃ ወደ ረዳት፣ ከረዳት ወደ ረዳቱ ረዳት፣ ከአፍ ወደ አፍ ተሻግረው ነው እዚህ የደረሱት።

ከቃላቱ ጋር አንድ ልማድም አብሮ ተሻግሯል። የተበላሸን ነገር ከመጣል በፊት ፈትቶ የማየት ልማድ ነው።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ አደጋ ላይ ያለው ይኸው ልማድ ነው። አዲስ መኪና፣ አዲስ ሞተር ሳይክል፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው ቁልፉን ይረከባል እንጂ ውስጡን አይረከብም። ውስጡ በኮምፒውተር ተቆልፏል፤ ኮምፒውተሩን የሚያናግረው መሣሪያ ደግሞ በወኪሉ እጅ ነው። ገንዘቡን የከፈለው አንድ ሰው፣ ሊከፍተው የሚችለው ሌላ። ታዲያ ንብረቱ የማን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ በጣሊያን መንደሮች ጓሮ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ የቆመ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው።

◾️ ከችግር የተወለደ ማሽን

ጣሊያን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወጣችው ደህይታና መንገዶቿ ፈራርሰው ነው። በፖንቴዴራ የነበረው የፒያጆ የአውሮፕላን ፋብሪካም በቦምብ ተመትቶ ነበር። ድርጅቱ ወደ ሌላ ምርት መዞር ሲኖርበት ሥራው ለአውሮፕላን መሐንዲሱ ለኮራዲኖ ዳስካኒዮ ተሰጠ። ዳስካኒዮ ሞተር ሳይክል የሚባል ነገር አይወድም ነበር። ልብስ ያቆሽሻል፣ አቀማመጡ አይመችም፣ ጎማው ሲተነፍስ መከራ ነው ባይ ነበር።

በ1946 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣችው ቬስፓ የእነዚህ ቅሬታዎች መልስ ነች። የፊት ጎማዋ እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ተይዟል፤ ጥቂት ዳዶ የፈታ ሰው መንገድ ዳር ቀይሮት ይሄዳል። ሞተሯ ከኋላ ጎማዋ ጋር በቀጥታ ስለተያያዘ ጥቁር ቅባት የሚተፋ ካቴና የላትም። የጎን ሽፋኗን ያነሳ ሰው ሞተሩን ፊት ለፊቱ ያገኘዋል። የተሠራችው መካኒክ ለመጥራት አቅም ለሌለው ሠራተኛ፣ ለፖስታ አመላላሽ፣ ለመንደር ሐኪም ጭምር ነውና መከፈቷ ቅንጦት አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ከዚያችው ቬስፓ ባለ ሦስት ጎማዋ «አፔ» ተወለደች። ከዚያም የሕንዱ ባጃጅ ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ቬስፓንና ባለ ሦስት ጎማዋን በአገሩ ማምረት ጀመረ። ዛሬ በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርና በድሬዳዋ የሚርመሰመሰው ባጃጅ እንግዲህ የዚያች ጣሊያናዊት የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። ሾፌሩ መንገድ ዳር አቁሞ፣ መቀመጫውን አንስቶ፣ በካቻቢቴና በፒንሳ ሲጠግነው የሚታየውም ያለ ምክንያት አይደለም። የዘሩ ጠባይ ነው።

ትልልቆቹም ቢሆኑ ከዚህ ጠባይ አልራቁም። በኮሞ ሐይቅ ዳር፣ በማንዴሎ ዴል ላሪዮ ከ1921 ጀምሮ የቆየው ሞቶ ጉዚ በ1967 ለገበያ ያቀረበው ቪ7 ሁለት ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ወጥተው ይታያሉ። ባለቤቱ የሲሊንደሩን ራስ ሽፋን በጥቂት ብሎን ይከፍታል፤ የቫልቩን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ይለካል፤ ጠብቆ ወይም ላልቶ ካገኘው በአንድ ቁልፍና በአንድ ካቻቢቴ ያስተካክለዋል። ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በዘንግ ነውና ካቴና መወጠር የለም። ይህን ሞተር ሳይክል የጣሊያን ፖሊስ ነድቶታል፤ የሎስ አንጀለስ ፖሊስም ገዝቶታል። መሸ ነጋ የሚነዳ ማሽን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት በቀላሉ የሚከፈተውን መምረጡ አያስገርምም።

◾️ ሦስቱ ጥያቄዎች

አሮጌ ሞተር ሳይክል ጠዋት አልነሳም ሲል ልምድ የሌለው ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ እግሩ እስኪዝል ይረግጠዋል፣ ወይ ያገኘውን ብሎን ሁሉ ይፈታል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ከሰዓት በኋላ መሬት ላይ የተበተኑ ዕቃዎች እንጂ የተነሳ ሞተር አይኖረውም።

የለመደው ግን ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ቤንዚን ይደርሳል? እሳት አለ? ኮምፕሬሽን አለ? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሞተር አይነሳም። መርማሪው የሚጀምረው ደግሞ ገንዘብና ድካም ከማይጠይቀው ነው።

ካንዴላዋን ፈትቶ ያያታል። ርጥብ ከሆነች ቤንዚኑ ደርሷል፣ ያላቃጠለው እሳቱ ነው። ደረቅ ከሆነች ቤንዚኑ መንገድ ላይ ቀርቷል። ጥላሸት ከለበሰች ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። ነጭ ከሆነች ሞተሩ ቤንዚን እያነሰው ከመጠን በላይ ይግላል። ቀለሟ እንደ ደረቅ ሸክላ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። አንዲት ትንሽ ካንዴላ ያለ ኮምፒውተር ይህን ሁሉ ትናገራለች፤ የሚያነባት ካለ።

ቤንዚኑ ካልደረሰ ፍለጋው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የነዳጅ ታንኩ ክዳን የአየር መግቢያ ቀዳዳ ከተደፈነ ቤንዚኑ አይወርድም፤ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይሞታል፣ ክዳኑ ሲከፈት ደግሞ ይነሳል። ብዙ ሰው ለዚህች ቀዳዳ ሲል ካርቡራቶር ቀይሯል። ከክዳኑ ቀጥሎ መዝጊያው፣ ከመዝጊያው ቀጥሎ ማጣሪያው፣ መጨረሻ ካርቡራቶሩ ይታያል። ወራት የቆመ ቤንዚን ሙጫ ይሆንና የካርቡራቶሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። እነሱን በሽቦ መጎርጎር ልካቸውን ያበላሻል፤ የሚጸዱት በማጽጃ ፈሳሽና በአየር ግፊት ነው።

እሳቱ ከጠፋ የአሮጌ ጣሊያን ሞተር ሳይክል እውነተኛ ድክመት ጋ ተደርሷል። የኤሌክትሪክ ሥራቸው አያኮራም። ይሁንና ከብልሽቱ ብዙው የተወሳሰበ አይደለም። የዛገ መገናኛ፣ የላላ ሽቦ፣ ወይም ከሻንሲው ጋር በደንብ ያልተነካካ ማሳ ነው። ማሳውን ፈትቶ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ምንም አያስወጣም፤ ውድ ዕቃ ከመግዛት ግን ያድናል።

እዚህ ላይ ትልቁ ትምህርት ስለ ሞተር አይደለም። ከመገመት በፊት ማየት፣ ከውዱ በፊት ርካሹን መፈተሽ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሁለት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው ሞተሩ ቢነሳ እንኳ የትኛው እንደፈወሰው አያውቅም። በፖለቲካውም በኢኮኖሚውም ብዙ ውሳኔ የሚበላሸው ይህ ዲሲፕሊን ሲጠፋ አይደለምን?

◾️ ልክን ማወቅ

ሁሉን በቤት መሥራት ይቻላል የሚል ግን ሰውን ለአደጋ ይዳርጋል። የቦሎኛው ዱካቲ በመሐንዲሱ በፋቢዮ ታሊዮኒ ዘመን የታወቀበት ዴስሞድሮሚክ አሠራር ቫልቩን የሚዘጋው በስፕሪንግ ብቻ ሳይሆን በሌላ የብረት ክንድ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቫልቭ የመክፈቻም የመዝጊያም ክፍተት መለካት አለበት። ከ1979ኙ ፓንታህ ወዲህ ደግሞ የዱካቲ ሁለት ሲሊንደር ሞተሮች ለረጅም ዘመን የቫልቩን ሰዓት የሚጠብቁት በጎማ ቺንጊያ ነበር። ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ሞተሩ ያበቃለታል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለው ባይነዳም ነው፤ ጎማ ቆሞም ያረጃልና። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ፍሬንም እንዲሁ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ያረጀው በቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላና ፍሬኑ ባዶ ይሆናል። ይህን ሥራ የማያውቅ ሰው ካወቀ ሰው ጎን ቆሞ ሳይማር እጁን ማስገባት የለበትም። የባለቤትነት ክብር የራስን ልክ ማወቅንም ይጨምራል። ባለሙያ ዘንድ የሚሄድ ባለቤት ግን ምን እንደሚነገረው ገብቶት ነው የሚሄደው፤ ያልተበላሸ ዕቃ ቀይርልኝ ብሎ አይከፍልም።

◾️ ናፍቆት ነው?

ተቃውሞው ይታወቃል። አሮጌ ሞተር ያጨሳል፣ ይጮኻል፣ ቤንዚን ይበላል፤ አዲሱ ንጹሕና አስተማማኝ ነው፤ ይህ ሁሉ የሽማግሌ ናፍቆት ነው ይባላል። ከፊሉ እውነት ነው። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል አሮጌ ቬስፓ ለከተማ ሳንባ አይበጅም። አዲሱ ፍሬን ከአሮጌው ይሻላል።

ክርክሩ ግን በቤንዚንና በኤሌክትሪክ መካከል አይደለም። በሚከፈትና በማይከፈት መካከል ነው። ንጹሕ መሆን ተቆላፊ መሆንን አያስገድድም። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተረድቶ በ2024 ስለ ጥገና መብት መመሪያ አጽድቋል፤ የልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ስልክና መሰል ዕቃዎች አምራቾች ከዋስትና ጊዜ በኋላም እንዲጠግኑ ያስገድዳል። የቤንዚን ሞተር ሳይክል በዝርዝሩ የለም። ያም ሆኖ ገዢ የገዛውን ማስጠገን መቻል አለበት የሚለው ሐሳብ ሕግ ሆኗል።

ኢትዮጵያም በዚያው በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ፊቷን ወደ ኤሌክትሪክ አዙራለች። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና ኤሌክትሪክ ከወንዞቿ ለምታመነጭ አገር ውሳኔው ምክንያት አለው። የሚቀረው ጥያቄ ከመኪናው ጋር ምን ይገባል የሚለው ነው። የጥገና መጽሐፉ ይገባል? ብልሽት የሚያነበው መሣሪያ ለሰፈር ጋራዥ ይሸጣል? ባትሪው ውስጥ አንድ ክፍል ሲሞት እሱ ብቻ ይቀየራል ወይስ ሙሉ ባትሪ ግዛ ይባላል? የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ተማሪዎች ከፍተው የሚማሩበት አንድ መኪና ይደርሳቸዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት መነሳት አለባቸው። አስመጪ ሲፈቀድለት መለዋወጫና የጥገና መረጃ የማቅረብ ግዴታ አብሮ ካልተጻፈ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚታየው በየግቢው የቆመ፣ ማንም ሊከፍተው የማይችል ውድ ብረት ነው። ያኔ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብሎ መተረት አይጠቅምም።

የጣሊያን አሮጌ ሞተር ሳይክል ከስልሳ ዓመት በኋላ ዛሬም የሚነሳው ብረቱ ስለማያረጅ አይደለም፤ ያረጃል፣ ይዝጋል። የሚነሳው ሠሪው ባለቤቱን ስላመነው ነው። ብሎኑን እጅ በሚደርስበት ቦታ አደረገው፣ ውስጡን አልደበቀበትም። ካንዴላና ፍሪሲዮን የሚሉትን ቃላት ወደ አማርኛ ያስገባውም የመክፈት ልማድ ነው። የሚቀጥለው ትውልድ መካኒክ የኤሌክትሪክ ሞተርን ክፍሎች በራሱ አፍ የሚጠራባቸው ቃላት ይኖሩት ይሆን ወይስ «እሱን ወኪሉ ነው የሚያውቀው» ብቻ ይላል? መልሱ የሚወሰነው አሁን በሚጻፈው ውል ላይ ነው።